ጊኒ ፒግ የማን ዘመድ ነው? ዘሩን ራሳችሁ ቆጥራችሁ የምታገኙበት መንገድ

ጊኒ ፒግ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው አፉ ላይ ቀድሞ የሚመጣለት ጥያቄ አንድ ነው። «ይሄ ደሞ ምንድን ነው? አይጥ ነው?» አጠገቡ ያለው ቀበል ያደርግና «ጭራ የለውም እኮ፣ ጥንቸል መሆን አለበት» ይላል። ሦስተኛው ስሙን ሰምቶ «ፒግ ማለት አሳማ አይደል እንዴ?» ብሎ ነገሩን ጭራሽ ያወሳስበዋል። እኔም ለረጅም ጊዜ ከጥንቸሎቹ ወገን ነበርኩ። ጥንቸል ቢጤ ነው ብዬ ስላመንኩ የጥንቸል መኖ ስሰጠው ከርሜ፣ መገጣጠሚያው አብጦ መራመድ ሲያቅተው ነው ዘመዱ ማን እንደሆነ ደህና አድርጌ ማንበብ የጀመርኩት። ወደዚያ እመለስበታለሁ።

የዘመዶቹን ስም ደርድሬ ብነግራችሁ ነገ ትረሱታላችሁ። ስለዚህ እንዴት እንደሚቆጠር ላሳያችሁና እናንተው ሳሉት። ወረቀት፣ እርሳስና ላጲስ ያዙ። ላጲሱ የግድ ነው፣ ብዙ ታጠፋላችሁ።

መጀመሪያ ስሙን እርሱት

ከጊኒ አልመጣም፣ አሳማም አይደለም። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፣ የአንዲስ ተራሮች። እዚያ ሰው ካለመደው ከ5,000 ዓመት በላይ እንደሆነው ይገመታል። የቤቱ ጊኒ ፒግ ዱር ውስጥ የለም፤ ብትፈልጉትም አታገኙትም። የዱር ቅድመ አያቱ ግን ዛሬም እነ ፔሩና ቦሊቪያ ተራራ ላይ ሣር ሲግጥ የሚውል፣ ካቪያ ቹዲ የሚባል ጠይም ትንሽ እንስሳ ሳይሆን አይቀርም።

ስም ማውጣት ላይ ሁሉም ነው የተሳሳተው። ጀርመኖች «ትንሿ የባሕር አሳማ» ይሉታል፣ ፈረንሳዮች «የህንድ አሳማ»። ባሕር ውስጥ አይኖርም፣ ህንድንም አያውቃት። ለእንስሳት ሳይንሳዊ ስም አሰጣጥ ሥርዓት ያወጣው ሊኒየስ ራሱ በ1758 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ሙስ ፖርሴለስ» ብሎ መዘገበው። ሙስ አይጥ ነው፣ ፖርሴለስ ደግሞ በላቲን ትንሽ አሳማ። አይጥና አሳማን አንድ ስም ውስጥ አጨቃቸው ማለት ነው። ስምንት ዓመት ቆይቶ ፓላስ የተባለ ተመራማሪ ከአይጦቹ አውጥቶ ካቪያ የሚል የራሱን ወገን ሰጠው። አሁን ሙሉ ስሙ ካቪያ ፖርሴለስ ነው። አሳማው ከስሙ አልወጣም፣ ከዘሩ ግን የለም።

ከዚያ ጥያቄውን አስተካክሉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መልሱ ላይ ሳይሆን ጥያቄው ላይ ነው። «ምን ይመስላል?» ብላችሁ ከጀመራችሁ መጨረሻችሁ ጥንቸል ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «የሁለቱ የጋራ ቅድመ አያት የኖረው መቼ ነው?» የሚለው ነው።

በራሳችሁ ቤተሰብ አስቡት። ወንድምና እህት የሚገናኙት ወላጅ ላይ ነው። የአጎት ልጆች አያት ላይ። ቁርጥ እናንተን የሚመስል ጎረቤት ሊኖራችሁ ይችላል፣ በመልክ ብቻ ግን ዘመድ አይሆንም፤ ምንም የማትመሳሰሉት የአክስት ልጅ ደግሞ ብትክዱትም ዘመድ ነው። እንስሳም ላይ ያው ነው፣ ልዩነቱ የምንቆጥረው በትውልድ ሳይሆን በሚሊዮን ዓመት መሆኑ ብቻ።

አሁን ወረቀቱ ላይ ከላይ በስተቀኝ ጥግ «ጊኒ ፒግ» ብላችሁ ጻፉ። ከሱ ተነስታችሁ እስከ ታች ግራ ጥግ ድረስ አንድ ረጅም ሰያፍ መስመር ጣሉ። ይሄ መስመር የቅድመ አያቶቹ መንገድ ነው፤ ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር ወደ ድሮ ትሄዳላችሁ። እያንዳንዱ ዘመድ ከዚህ መስመር እንደ ቅርንጫፍ ይወጣል። ከላይ የሚወጣው ቅርብ ነው፣ ከታች የሚወጣው ሩቅ። ዘዴው ይኸው ነው። የቀረው ማን የት ይውጣ የሚለው ነው።

ጥርሱን እዩ

ጥንቸሉን መጀመሪያ እንገላገለው። የጊኒ ፒግ አፍ ፊት ለፊት ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት ትልልቅ ጥርሶች አሉ። ክራንቻ የለም፤ ከፊት ጥርሱ በኋላ ባዶ ክፍተት አለ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ ብለው መንጋጋዎቹ ይጀምራሉ። ድምሩ 20 ጥርስ ነው። ይሄ አደራደር የሮደንቶች፣ ማለትም የአይጥ ወገን የሆኑት ሁሉ መታወቂያ ነው።

ጥንቸልም ፊት ለፊት ሲያዩት እንዲሁ ይመስላል። ግን ከላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ጀርባ ተደብቀው የቆሙ ሌሎች ሁለት ሚጢጢ ጥርሶች አሉት። ከላይ አራት ማለት ነው። ሮደንት እነዚህ የሉትም። ስለዚህ ጥንቸል ሮደንት አይደለም፣ ጊኒ ፒግም ጥንቸል አይደለም።

ዘመድ አይደሉም ማለት ግን አይደለም። ሮደንቶችና ጥንቸሎች ከሌሎች አጥቢዎች ይልቅ እርስ በርሳቸው ይቀራረባሉ። ጥንቸልን መስመሩ ላይ ከመሃል ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ጻፏት። ከሷ በላይ የሚገባው ሁሉ ሮደንት ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። የጊኒ ፒግ መንጋጋ እንደ ፊት ጥርሱ ሁሉ ዕድሜ ልኩን ያድጋል። የአይጥ መንጋጋ አያድግም፣ የሚያድገው የፊቱ ብቻ ነው። ይሄን ልዩነት ያዙት፣ «አይጥ ነው» የሚለው መልስም እንደማያዋጣ የመጀመሪያው ፍንጭ ነው።

እግሩን ቁጠሩ፣ ቅርብ ቤተሰቡ ይመጣል

ጊኒ ፒጉን ብድግ አድርጋችሁ በአንድ እጅ ደረቱን፣ በሌላው መቀመጫውን ደግፉት (ያለዚያ ይንፈራገጣል)። የፊት እግሩን ጣቶች ቁጠሩ። አራት። የኋላውን ቁጠሩ። ሦስት። ስትቆጥሩ ጥፍሮቹን ልብ በሉ፣ እንደ ድመት ጥፍር ቀጭንና ሹል አይደሉም፤ ወፈር ብለው ቀና ያሉ ናቸው። ወደ ኋላው ዞራችሁ ጭራ ፈልጉ። የለም።

አሁን ካፒባራን አስቡ። ያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ጭንቅላቱ ላይ ፍራፍሬ ተጭኖበት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም የሚለው፣ ቪዲዮውን ያላየ የሌለ እንስሳ። የፊት እግር ጣቱ አራት፣ የኋላው ሦስት፣ ጭራ የለውም። በዓለም ላይ ካሉት ሮደንቶች ሁሉ ትልቁ ነው፤ 50 ኪሎ የሚመዝን ካፒባራ ብርቅ አይደለም፣ ጊኒ ፒግ ግን ቢበዛ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ቢዘል ነው። በመጠን የማይገናኙ ቢሆኑም አንድ ቤተሰብ ናቸው። ካቪዳ ይባላል ቤተሰቡ።

እዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሌላም አለ። ማራ የሚባለው፣ የአርጀንቲና ሜዳ ላይ በረጃጅም ቀጫጭን እግሮቹ የሚሮጥ፣ ከሩቅ ስታዩት ጥንቸልና ሚዳቋ ተዳቅለው የወለዱት የሚመስል። ማራን ያየ ሰው ከጊኒ ፒግ ጋር አያገናኘውም፣ ግን የአጎት ልጅ ነው። ደግሞ የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ዓለት ላይ የሚዘል ኬሮዶን የሚባል አለ፤ መልኩ ከጊኒ ፒግ ጋር ቁርጥ ነው። እና እዚህ ጋ ነው የሚያስቀው ነገር፦ ኬሮዶን ይበልጥ የሚቀርበው መልኩን ለሚመስለው ጊኒ ፒግ ሳይሆን ለግዙፉ ካፒባራ ነው። የጎረቤቱን ነገር ነግሬያችሁ የለ!

ከላይ፣ ከጊኒ ፒግ አጠገብ፣ መጀመሪያ የዱር ካቪያዎቹን ጻፉ። ቀጥሎ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ማራን፣ ካፒባራንና ኬሮዶንን። ካፒባራና ኬሮዶንን አንድ ንዑስ ቅርንጫፍ ላይ አስሩልኝ።

አወላለዱን ጠይቁ

ይሄኛውን ምልክት እኔ ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም መሣሪያ አይፈልግም፣ መጠበቅ ብቻ ነው። የአይጥ እርግዝና ሦስት ሳምንት ነው። ልጆቹ ሲወለዱ ቀይ፣ ፀጉር የሌላቸው፣ አይናቸው ያልተከፈተ፣ ጣት የምታክል ሥጋ ናቸው። ሃምስተር የሚባለው ሌላው ለማዳ ትንሽ ሮደንት ከዚያም ይፈጥናል፣ 16 ቀን አካባቢ ይበቃዋል።

ጊኒ ፒግ ሁለት ወር ያረግዛል፣ ከ59 እስከ 72 ቀን። ለእንዲህ ያለች ትንሽ እንስሳ ይሄ በጣም ረጅም ነው። የምትወልደውን ስታዩ ግን ይገባችኋል። የእኔዋ የወለደች ጠዋት ሦስት ልጆች ከድርቆሹ ሥር አገኘሁ። ፀጉራቸው ሙሉ ነው፣ እርጥበቱ ገና አልደረቀም። አይናቸው ተከፍቷል። አንደኛው ተነስቶ እየተንገዳገደ ወደ ሳህኑ ሄደና ገና የአንድ ቀን ዕድሜ ሳይሞላው ድርቆሽ አፉ ውስጥ አስገብቶ ያላምጣል። ጥርስ ይዞ ነው የተወለደው። እናትየው ያሏት ጡቶች ሁለት ብቻ ናቸው፣ አንዲት የአይጥ እናት ግን 12 አላት፤ ልጆቹ ቶሎ ራሳቸውን ካልቻሉ አይሆንም ማለት ነው።

አሁን በዚህ መለኪያ ሌሎቹን ሂዱባቸው። ካፒባራ አምስት ወር ገደማ ታረግዛለች፣ ልጆቿ ሲወለዱ ይሮጣሉ። ቺንቺላ የምትባለው የአንዲስ ሮደንት 111 ቀን አካባቢ፣ ልጆቿ ፀጉር ለብሰው፣ አይናቸው ተከፍቶ ይወለዳሉ። ረጅም እርግዝናና የበሰለ ልጅ በዚህ ጎራ ውስጥ በብዛት የምታገኙት ነገር ነው። እነማን ናቸው ጎራው? ቺንቺላ፣ ዴጉ፣ አጉቲ፣ ፓካ፣ ውሃ ውስጥ የምትዋኘው ኑትሪያ፣ እና የአሜሪካ ጃርቶች። ሁሉም ደቡብ አሜሪካ ላይ የተስፋፉ ናቸው። ሁሉንም ከካፒባራ ቤተሰብ ቀጥሎ፣ ዝቅ አድርጋችሁ ጻፏቸው።

የጠፉትን ሳልነሳ ማለፍ አልችልም። በኡራግዋይ አፈር ውስጥ የራስ ቅሉ ብቻ ተገኝቶ በ2008 የተገለጸ ጆሴፎአርቲጋሲያ የሚባል አለ። የራስ ቅሉ ርዝመት 53 ሴንቲ ሜትር ነው። በወቅቱ ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ ተብሎ ተገመተ፤ ኋላ ላይ ሌሎች ግምቱን በጣም አወረዱት፣ እንደዚያም ሆኖ እስካሁን ከታወቁት ሮደንቶች የሚያክለው የለም። ይሄም ከዚሁ ከደቡብ አሜሪካው ጎራ ነው። ቦታ ካላችሁ ጻፉትና አጠገቡ መስቀል አድርጉ፣ የጠፋ ለማለት።

የራስ ቅሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ወደ አፍሪካ ይወስዳችኋል

አንድ ጊዜ የጊኒ ፒግና የአይጥ የራስ ቅል ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የማየት ዕድል ገጥሞኝ ነበር። ከአይኑ ጉድጓድ ፊት ለፊት፣ አፍንጫው ጎን፣ ጊኒ ፒጉ ላይ ትልቅ ቀዳዳ አለ፤ እርሳስ ያለችግር ያልፍበታል። መጀመሪያ ሁለተኛ አይን መሰለኝ። የአይጡ ላይ ያው ቦታ ያለው ጠባብ ስንጥቅ ነው። ቀዳዳው ለምንድን ነው? የማኘኪያ ጡንቻው ከመንጋጋ ተነስቶ በዚያ ቀዳዳ ሾልኮ አፍንጫው ጎን ላይ ይታሰራል። ብራንት የሚባል ሳይንቲስት በ1855 ሮደንቶችን በሦስት የከፈላቸው ይሄን ጡንቻ አይቶ ነው፦ የስኩዊረል (ዛፍ ላይ የምትሮጠው፣ ጭራ ረጅሟ) ዓይነት፣ የአይጥ ዓይነት፣ የጃርት ዓይነት። ጊኒ ፒግ የገባው ጃርት ጋ ነው።

ቀዳዳው ብቻውን አይበቃም። በረሃ ላይ በሁለት እግሩ የሚዘለው ጀርቦአም ትልቅ ቀዳዳ አለው፣ ዘሩ ግን ከአይጥ ጋር ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ምልክት ያስፈልጋል፤ የታችኛው መንጋጋ የኋላ ጫፍ ወደ ውጭ የተገለበጠ መሆን አለበት። ቀዳዳውም መንጋጋውም ሲገጥሙ ያኔ ልብ በሉ። አንድ ምልክት አይታችሁ አትፍረዱ፣ ሁለት ሦስቱ ሲስማሙ ነው ነገሩ።

ሁለቱን ይዛችሁ ዓለምን ብትዞሩ አፍሪካ ላይ ታገኛላችሁ። ጃርት አለ፣ ያ ረጃጅም እሾህ ያለው። ሸምበቆና አገዳ የሚበላው፣ አይጥ የሚመስለው ትልቁ የአገዳ አይጥ አለ። ከነሱው ወገን ደግሞ፣ ቀዳዳዋ ጠቦ የቀረ ቢሆንም፣ ያቺ የማታምር፣ ፀጉር የሌላት፣ ጥርሷ ከከንፈሯ ውጭ የሚታይ፣ እንደ ንብ በንግሥት የምትተዳደር፣ የምሥራቅ አፍሪካ መሬት ሥር የምትኖር ራቁት ፍልፈል። ከ30 ዓመት በላይ ትኖራለች። ሁላችንም ፍልፈል የምንለው፣ ፀጉራሙ፣ አፈር ቆልሎ የሚሄደው ግን ሌላ ነው፤ እሱ ለራሱ ለአይጥ የሚቀርብ ነው። ሁለቱም መሬት ስለሚቆፍሩ አንድ ስም ሰጠናቸው እንጂ ራቁቷ ለጊኒ ፒግ ትቀርባለች።

ታዲያ ግማሹ ዘመድ አፍሪካ፣ ግማሹ ደቡብ አሜሪካ ምን ያደርጋል? መካከላቸው ውቅያኖስ ነው። ደቡብ አሜሪካ ያኔ ደሴት ነበረች፣ በፓናማ በኩል ከሰሜኑ ጋር የተያያዘችው በቅርቡ፣ ከ3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። የብዙዎቹ ሳይንቲስቶች መልስ እንዲህ ነው፦ ከ40 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት፣ ውቅያኖሱ ከዛሬው ጠበብ ባለበት ጊዜ፣ ጎርፍ ነቅሎ ባሕር ላይ የጣለው የዛፍና የሥር ክምር ላይ ተሳፍረው ጥቂት ሮደንቶች ከአፍሪካ ተሻገሩ። የማይታመን ይመስላል፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ስቄያለሁ። ግን ዝንጀሮ መሰሎቹም ደቡብ አሜሪካ የደረሱት እንዲሁ ነው ተብሎ ይታመናል፣ ደግሞም ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ አንዴ ቢሳካ ይበቃል። በፔሩ የአማዞን አካባቢ የተገኙት ጥንታዊ ጥርሶች 41 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል፣ ከአፍሪካዎቹ ጋርም ይመሳሰላሉ።

አፍሪካዎቹን ከደቡብ አሜሪካዎቹ ቀጥሎ ጻፏቸው። ከነሱ በታች፣ ከጥንቸል በላይ ደግሞ አይጥን፣ ሃምስተርን፣ ስኩዊረልንና ቢቨርን። ከጊኒ ፒግ እስከ አይጥ የጋራ አያት ድረስ በግምት 70 ሚሊዮን ዓመት ነው። ዳይኖሰሮች ገና አልጠፉም ነበር። «አይጥ ነው» ለሚለው ሰው መልሳችሁ ይሄ ይሁን፦ የአይጥ ወገን አዎ፣ አይጥ ግን አይደለም።

አሁን ወጥመዶቹ

እስከዚህ የመጣ ሰው ራሱን አዋቂ ብሎ ቶሎ ይሳሳታል፤ ደርሶብኛል።

የመጀመሪያው ወጥመድ ሽኮኮ ናት። ዓለት ላይ ፀሐይ የምትሞቀዋን ማለቴ ነው፣ ዛፍ ላይ የምትሮጠውን ጭራ ረጅሟን ሳይሆን፤ ለሁለቱም አንድ ስም መጠቀማችን ራሱ ችግር ነው። የዓለቷ ሽኮኮ ክብ ናት፣ ጭራ የላትም፣ ጆሮዋ ትንሽ፣ የፊት ጣቷ አራት፣ የኋላው ሦስት። ልጆቿም አይናቸውን ከፍተው ይወለዳሉ። በእስካሁኑ መለኪያችን ቁጭ ጊኒ ፒግ። ዘመዷ ግን ዝሆን ነው! ዝሆንና የባሕር ላም የምትባለው ማናቲ። ጥርሷን ብታዩ ነገሩ ይወጣል፤ ከላይ እንደ ትንሽ ቀንድ የሾሉ ሁለት ጥርሶች አሏት፣ መንጋጋዋም የሮደንት አይደለም። ለዚህ ነው ጥርስን አስቀድሜ፣ እግርን ያስከተልኩት።

ሁለተኛው ትንሿ እሾሃማ ሄጅሆግ ናት። እሷንም አንዳንዱ ጃርት ይላታል። እሾህ እንጂ ሌላ የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ ሮደንትም አይደለች፣ ነፍሳት በሊታ ናት።

ሦስተኛው ቁጥር ነው። ጊኒ ፒግ 64 ክሮሞሶም አለው። ፈረስም 64። ይሄን አንብቦ «የፈረስ ዘመድ ነው» ብሎ የጻፈ ሰው አይቻለሁ። የክሮሞሶም ብዛት እንደ መጽሐፍ ምዕራፍ ነው፤ ሁለት መጽሐፍ ሃያ ሃያ ምዕራፍ ስላላቸው አንድ ታሪክ አይሆኑም።

አራተኛው ወደ ጊኒ ፒጌ ጉልበት ይመልሰናል። ጊኒ ፒግ ቫይታሚን ሲን ሰውነቱ ውስጥ መሥራት አይችልም፣ ከምግብ ካላገኘ ስከርቪ ይይዘዋል፤ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ድዱ ይደማል። በቀን በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ያስፈልገዋል። ጥንቸል ራሷ ስለምትሠራው የሷ መኖ ውስጥ መጨመር አያስፈልግም፣ እኔም ያበላሁት እሱን ነበር። የሸጠልኝ ሰው «ያው ናቸው» ብሎኝ ነበር። ያው አይደሉም።

ሰውም ቫይታሚን ሲ መሥራት አይችልም። እና ብዙ ሰው ከዚህ ተነስቶ «ጊኒ ፒግ ከአይጥ ይልቅ ለሰው ይቀርባል» ይላል። አይቀርብም። ችሎታውን የሰው ቅድመ አያቶች በራሳቸው ጊዜ አጡት፣ የጊኒ ፒግ ቅድመ አያቶች በሌላ ጊዜ፣ ብዙ የሌሊት ወፎችም እንዲሁ ለብቻቸው። ሁለት ሰዎች ቁልፍ ስለጣሉ ወንድማማች አይሆኑም። በ1907 ሆልስትና ፍሮሊሽ የተባሉ ኖርዌጂያን ሐኪሞች ስከርቪን በእንስሳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሳየት የቻሉት ጊኒ ፒግ ስለተጠቀሙ ነው። አይጥ መርጠው ቢሆን ኖሮ ምንም አያዩም ነበር።

ሳይንቲስቶችም ተሳስተዋል፣ እንዴት እንደሆነ ስሙ

በ1991 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ጊኒ ፒግ ሮደንት ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ጥናት ወጣ። በ1996 ደግሞ እዚያው መጽሔት ላይ ሌሎች ተመራማሪዎች ጥያቄ ምልክቱን አንስተው «ጊኒ ፒግ ሮደንት አይደለም» አሉ። ቀልድ አልነበረም፣ ፕሮቲንና ዘረመል አወዳድረው ነው።

ምን ነካቸው? አንደኛ፣ የጊኒ ፒግ አንዳንድ ፕሮቲኖች በጣም በፍጥነት የተለወጡ ናቸው። ኢንሱሊኑን ውሰዱ፦ የአሳማ ኢንሱሊን ከሰው የሚለየው በአንዲት አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፣ ለዚህ ነው ለአሥርተ ዓመታት የስኳር ሕመምተኞች ሲወጉት የኖሩት። የጊኒ ፒጉ ኢንሱሊን ግን ከብዙ አጥቢዎች ተለይቶ ወጣ ያለ ነው። በኢንሱሊን ብቻ ብትቆጥሩ አሳማ የሰው የአክስት ልጅ፣ ጊኒ ፒግ ባዳ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ያወዳደሯቸው እንስሳት ጥቂት ነበሩ። ሦስት ሰው ብቻ ያለበት ፎቶ ይዞ የአንድ ትልቅ ቤተሰብን ዘር መቁጠር ማለት ነው። ከ2001 ጀምሮ ብዙ ዘረመልና ብዙ እንስሳ አንድ ላይ ሲገባ ጊኒ ፒግ ወደ ሮደንቶች ተመለሰ፣ ከዚያ ወዲህ የነካው የለም።

ለእናንተ የሚሆነው ነገር፦ አንድ ቦታ «አዲስ ጥናት እንዳረጋገጠው ጊኒ ፒግ ሮደንት አይደለም» የሚል ስታነቡ ዓመተ ምሕረቱን እዩ። ዛሬም የሚዞር የ1990ዎቹ ወሬ ነው።

ወረቀቱን ጨርሱና ፈትኑት

ከጥንቸል በታች የቀረውን ሙሉ። ቀጥሎ ሰው፣ ዝንጀሮና ጦጣ ናቸው፤ አዎ እኛ፣ የጋራ አያታችን 90 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ነው። ከኛ በታች አሳማ፣ ላም፣ ውሻ፣ ድመት፣ የሌሊት ወፍና ዓሣ ነባሪ በአንድ ቅርንጫፍ። የመጨረሻው ሽኮኮ ከነዝሆኑ።

አነባበቡ ላይ አንድ ሕግ አለ፦ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ያሉት ሁሉ ከውጭ ላለው እኩል ሩቅ ናቸው። ይሄ ካልገባችሁ ሥዕሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ «ለሰው ማን ይቀርባል፣ አይጥ ወይስ ጊኒ ፒግ?» ቢሏችሁ መልሱ እኩል ናቸው ነው፣ ጥንቸልም እኩል ናት። ሦስቱም ወደ ሰው የሚደርሱት በዚያችው አንዲት መገናኛ አልፈው ነው። በጣታችሁ መስመሩን ተከተሉት፣ ታዩታላችሁ።

ጊኒ ፒግ ለማን ይቀርባል፣ ለሰው ወይስ ለአሳማ? ለሰው። ስሙ ፒግ ቢሆንም።

የአሜሪካ ጃርት ለማን ይቀርባል፣ ለአፍሪካ ጃርት ወይስ ለጊኒ ፒግ? እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ይወድቃል። ለጊኒ ፒግ ነው። እሾሁ በሁለት ቦታ ለየብቻ የበቀለ ነው፣ አንደኛው ከውቅያኖሱ ወዲህ፣ ሌላው ከተሻገሩ በኋላ። ሥዕላችሁ ላይ ሁለቱን ጃርቶች አንድ ቅርንጫፍ ላይ አስራችኋቸው ከሆነ ላጲሱን አንሱ።

ስታጠፉ ታች ጥግ ላይ ያለችውን ሽኮኮ አትንኳት። ዝሆኑን ከጎኗ ሳሉት፤ ቦታ ካልበቃችሁ ኩምቢውን ብቻ።